መጨረሻ የሚለብሰው ራስ ነው

በጫጩት ማሳደጊያው ግቢ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ ሁሉም «ታቃፊው» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣለት መኖ የሚያመላልሰው ሾፌር ነው። ሰውዬው ሥራ በጀመረ ሰሞን፣ ያ ትከሻው በር የሚሞላ የድሮ ጫኝና አውራጅ፣ ሰጋቱራው ላይ በደረቱ ተዘርግቶ አንዲት የደከመች ጫጩት በመዳፎቹ መሀል ሲያሞቅ ሾፌሩ ድንገት ደረሰበት። «ምነው፣ ታቅፈህ ነው እንዴ? መቼ ነው የምትፈለፍለው?» ብሎ ጮኸ። ሳቁ ግቢውን ዞሮ ሳያበቃ ስሙ ተጣብቆበት ቀረ። እሱ ግን አልከፋውም። ጆንያ ተሸክሞ በኖረበት ዘመን ሁሉ «አንተ!» ከማለት በቀር ስም ያወጣለት ስላልነበረ፣ ይኼኛውን እንደ ሹመት ነው የቆጠረው።

ሥራው ሲናገሩት ቀላል ነው። ገና ከእንቁላል እንደወጡ በካርቶን ታጭቀው የሚመጡትን ጫጩቶች ይቀበላል፤ በሙቀት አምፖል ሥር ያኖራቸዋል፤ ላባ ለብሰው የገላቸውን ሙቀት ራሳቸው መያዝ እስኪችሉ ድረስ ያሳድጋቸዋል። ላባ ሲለብሱ አምፖሉ ይጠፋል፣ እነሱም ወደ ትልቁ ቤት ይሄዳሉ፣ እሱም ቤቱን ጠርጎ ሌሎቹን ይጠብቃል።

በመጡበት ቀን ጫጩቶቹን የማይወድ ሰው የለም። የቢሮ ሰዎች ሳይቀሩ ሥራቸውን ጥለው ይመጣሉ፤ አንዷን አንስተው ጉንጫቸው ላይ ያስጠጋሉ፤ «ውይ ሲያምሩ! ጥጥ እኮ ናቸው!» ይላሉ። ሰንበት ብለው ሲመለሱ ግን ፊታቸው ይለወጣል። ያ ጥጥ የነበረው ሁሉ እዚህ ተነቅሎ፣ እዚያ ቀርቶ፣ ጀርባቸው ተራቁቶ፣ አንገታቸው ቀጥኖ፣ እግራቸው ያለ ቅጥ ረዝሞ ያገኟቸዋል። «ምን ነካቸው? ታመው ነው?» ይላሉ። «እያደጉ ነው» ይላል ታቃፊው ቆጣ ብሎ። እሱ እንዲያውም ከሁሉም የሚወደው ይህንን ዕድሜ ነው። ጥጡን ከእንቁላል ይዘውት መጡ፤ ላባው ግን የራሳቸው ነው፣ ራሳቸው በልተው፣ ራሳቸው ተኝተው ያወጡት። ይህን ሲናገር የወላጅ ኩራት ይሰማበታል፤ ልጅ ስላልወለደ ይሆን፣ ወይስ እንዲያው ጠባዩ ሆኖ፣ እግዜር ይወቀው።

የላባውን አመጣጥ በእጁ ነው የሚያውቀው። መጀመሪያ ክንፍ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ጅራት፣ ትከሻ፣ ደረት እያለ ወደ ጀርባ ይሄዳል። ሲወጣ ላባ አይመስልም፤ በስስ ልባስ የተጠቀለለ መርፌ ነው የሚመስለው፤ ጫፉ ላይም ያቺ የድሮዋ ጥጥ ተንጠልጥላ ትቆያለች። ገና ለጋ ስለሆነ ውስጡ ደም አለበት፤ ቢጫኑት ያማል፣ ቢሰበር ይደማል። ስለዚህ ታቃፊው በጣቱ ጫፍ አይነካካቸውም፤ በእጁ ጀርባ ብቻ፣ ሳያስጨንቅ፣ ከራስ ወደ ጅራት ዳበስ ያደርጋቸዋል። ልባሱ እየተሰነጠቀ እንደ ፎረፎር ሲረግፍ ቤቱን ነጭ በነጭ ያደርገዋል። መጨረሻ የሚለብሰው ራስ ነው። ሌላው አካል ሁሉ ዶሮ ሆኖ ሳለ ራስ ብቻውን ጫጩት ሆኖ ይከርማል።

ሌላም አመል አለው፤ ሳያንኳኳ አይገባም። ጫጩት ድንጉጥ ነው። በር በድንገት ከተከፈተ ሁሉም ወደ አንድ ጥግ ይሮጥና ይደራረባል፣ ከሥር ያሉትም ታፍነው ይቀራሉ። ገና ጀማሪ ሳለ አንዴ በሩን በትከሻው ገፍቶ ገብቶ የሆነውን አይቷል፤ ያን ቀን እህል በአፉ አልዞረም። ከዚያ ወዲህ በጣቱ መገጣጠሚያ ኳ ኳ ያደርጋል፣ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ይላል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ በሩን በስሱ ይከፍታል። ሾፌሩ «ማን ይግቡ አለህ?» እያለ ይስቅበታል። ይሳቅ።

ይኸው አመል ነው እንግዲህ ቤቱ ድረስ ተከትሎት ሄዶ ትዳሩን ሊበላበት የደረሰው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የተዋወቁትም እሱ ጫኝና አውራጅ ሳለ የስፌት መኪናዋን ተሸክሞላት ነው። እጁ ስላልተመቸው በሩን በእግሩ ገፍቶ ሳያስፈቅድ ሰተት ብሎ ገባ፤ እሷም «ቤቱንም አብረህ ልትጭነው ነው?» ብላ አፈጠጠችበት። ከዚያ ሻይ ጠጣ። ከዚያ ሻይ ለመጠጣት መመላለስ አበዛ። የኋላ ኋላ ተጋብተው እሱም ጫጩት ቤት ሥራ ሲይዝ፣ ከሥራ ሲመለስ ደጃፍ ላይ አስቁማው ያን ነጭ ፎረፎር ከጸጉሩና ከቅንድቡ ላይ በመዳፏ ታራግፍለት ጀመር። «ጎንበስ በል፣ አንተ ወፍጮ ቤት!» ትለዋለች። ቁመቷ ስለማይደርስ ጎንበስ ይልላታል።

ከዚያ የሚስቱ ሕመም መጣ። መርፌው፣ የሆስፒታሉ ኮሪደር፣ ትውከቱ፣ ሁሉም በየተራው መጥቶ ሄደ፤ ሐኪሞቹም «እንኳን ደስ ያለሽ፣ በሽታው ለቆሻል» ብለው ሸኟት። በሽታው ለቀቃት፤ መድኃኒቱ ግን ጸጉሯን እንዳለ ይዞት ሄደ። ሲፈታ ወገቧን የሚነካ፣ እሱም እሁድ እሁድ ከኋላዋ ተቀምጦ የሚያበጥርላት ጸጉር ነበር።

ጸጉሯ በረገፈ ሰሞን አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ሳታስበው ደረሰባት። መስታወት ፊት ቆማ ነበር። ስታየው ጮኸችና ፎጣ ራሷ ላይ ጥላ ጥግ ይዛ ኩርምት አለች። ታቃፊው ያኔ ጥግ ላይ ተደራርበው ያያቸው ጫጩቶች ትዝ አሉት። ከማግሥቱ ጀምሮ የመኝታ ቤታቸውን በር ያንኳኳ ጀመር። ኳ ኳ፣ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ»፤ ይጠብቃል፤ ከውስጥ የሻሽ መንኮሻኮሽ ይሰማል፤ ዝም ሲል ይገባል። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ መልሳ ተኝታ ያገኛታል። እሱም እንዳይረብሻት ብሎ ሳሎን ሶፋው ላይ ማደር ለመደ። በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆነ። ለምን እንደሚያንኳኳ አልነገራትም፤ የሚነገር ነገር መስሎም አልታየው።

ወራት ሄዱ። እሷ ከመኝታ ቤት አልወጣም አለች። የስፌት መኪናዋ ሽፋኗን እንደለበሰች ተቀመጠች። ደንበኞቿ እየመጡ ተመለሱ። ታላቅ እህቷ ሾርባ እያመጣች «ነፍስሽን አትርፈሽ ለጸጉር ታለቅሻለሽ?» ስትላት እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ። ታቃፊው ሌላ ነገር አልተመኘም፤ ጸጉሩ ቢቀርም ይቅር። እሱ ሲገባ አንዲት ጊዜ ፊቷን ወደ እሱ እንድታዞር፣ ከሰው ሁሉ ብትደበቅ እንኳ ከእሱ እንዳትደበቅ ብቻ ነበር የሚፈልገው። ሚስቱን ከሞት ተቀብሎ ለሻሽ ያስረከበ ይመስለዋል።

በዚህ መሀል ነው ያቺ ጫጩት የመጣችው። እኩዮቿ ጀርባቸውን ማልበስ ሲጀምሩ እሷ ክንፏ ላይ ጥቂት መርፌ አብቅላ ቀረች። ጫጩቶች ደግሞ የተራቆተ ቆዳ ካዩ አይምሩም፤ አንዱ ነቆር ሲያደርግ ሁሉም ይከተላል። ታቃፊው ሲደርስላት ጀርባዋ ደም በደም ሆኗል። የግቢው ኃላፊ፣ ደግ ሴት ናት፣ አየቻትና ራሷን ነቀነቀች። «ይቺ እዚህ አትኖርም። ወይ ውሰዳት፣ ወይ...» አለች። ሁለተኛውን «ወይ» አልጨረሰችውም፤ ታቃፊውም እስክትጨርሰው አልጠበቀም፤ ካርቶን ፈልጎ ይዟት ሄደ።

ኳ ኳ። «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ።» የሻሽ መንኮሻኮሽ። ገባ። ካርቶኑን አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ አኖረና የራስጌ መብራቷን ወደ ውስጥ አዘነበለላት።

«ምንድን ነው ደግሞ?» አለች ሚስቱ ወደ ግድግዳው እንደዞረች።

«እንግዳ ናት።»

«ሥራህን ቤት ማምጣት ጀመርክ?»

«ነቋቁረዋት ነው። ብተዋት ይጨርሷት ነበር።»

ሚስቱ ብርድ ልብሷን ወደ ላይ ሳበች። በማግሥቱ ጠዋት ሊሰናበታት አንኳክቶ ሲገባ ግን ካርቶኑ ወንበሩ ላይ አልነበረም፤ አልጋው ላይ፣ ትራሷ አጠገብ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጫጩቷ የእሷ ሆነች። ስታዋራት ከበሩ ማዶ ይሰማታል። «ብይ እንጂ፣ አንቺ መላጣ!» ትላታለች። መላጣ ማለቷ ታቃፊውን አሳቀውም፣ ሆዱንም አባባው። አንድ ጠዋትም ፊቷን ሳታዞር ጠየቀችው።

«መቼ ነው የሚወጣላት?»

«ጀምሯታል እኮ። ክንፏን እዪው። ቀጥሎ ጅራት ነው፣ ከዚያ ትከሻ፣ ደረት። ጀርባዋ ቁስሉ ሲደርቅ ይከተላል። ራስ መጨረሻ ነው።»

«ራስ ነው መጨረሻ?»

«መጨረሻ ነው። ግን ሳይወጣ የቀረ አላየሁም።»

 ታቃፊው የጫጩቷን ውኃ ሞላና ወደ ሥራው ሄደ።

አንድ ቅዳሜ ከሥራ ሲመለስ ሳሎኑ ውስጥ አንድ ነገር ተለውጦ ጠበቀው። የስፌት መኪናዋ ሽፋኗ ወልቋል፤ ሥሯም ሰማያዊ የጨርቅ ቁርጥራጭ ወድቋል። ልቡ በደስታ ዘለለ። ኳ ኳ፣ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ»፣ ገባ። ጫጩቷ አልጋው ላይ ጃኬት ለብሳ ቆማለች። የምር ጃኬት! ለክንፎቿ ቀዳዳ የወጣለት፣ ደረቷ ላይ በአንዲት ቁልፍ የሚያዝ፣ ዙሪያው የተቀመቀመ።

«በረዳት» አለች ሚስቱ። ያን ቀን ወደ ግድግዳው አልዞረችም፤ ጫጩቷን ነበር የምታየው።

እዚህ ላይ ዝም ቢል ምን ነበረበት! አምሮባታል ብሎ ቢወጣ ምን ይጎድልበት ነበር! የለም፤ ሥራው አፉን ቀደመው።

«ይኼማ አይሆንም» አለ። «ጨርቅ ካለበሽባት ላባው ሲወጣ እየታሸ ይሰበራል። እስከ መቼ ትሸፍኛታለሽ? ግለጪውና አየር ያግኘው። ሰው ቢያያት ምን ትሆናለች?»

ወዲያው ምላሱን ነከሰ። ግን አምልጦታል። ሚስቱ ቀስ ብላ ዞረች።

«ስለ ጫጩቷ ነው የምታወራው?»

«አዎ! ስለ... ስለ ጫጩቷ ነው እንጂ!»

«ሰው ቢያያት ትላለህ። አንተ መች አየኸኝ?»

«እኔማ...»

«ገና ከደጅ ሆነህ ታንኳኳለህ። ‘እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ’ እያልክ እስክሸፋፈን ቆመህ ትጠብቃለህ። በየቀኑ ተሸፈኚልኝ፣ እንዳላይሽ ነው የምትለኝ። ያን ቀን መስታወቱ ጋ ያየኸኝ አስጠልቶህ አይደል? ያ በሬን በእግሩ ከፍቶ የገባው ሰውዬ የት ሄደ? ሞኝ መሰልኩህ እንዴ?»

ታቃፊው ቆሌው ተገፈፈ። ይህን ሁሉ ወር እሷ ስለምትሸፈን እሱ ያንኳኳል፤ እሷ ደግሞ እሱ ስለሚያንኳኳ ትሸፈናለች። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስታውን አይችለውም ነበር።

«እንዳትደነግጪ ብዬ እኮ ነው» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ከዚያ ሁሉ ደረት የወጣ አይመስልም። «ጫጩቶቹ ቤት በር በድንገት ሲከፈት እኮ...»

«እኔ ጫጩት ነኝ?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች።

በማግሥቱ እሁድ ነበር። ታቃፊው ሁለተኛ አላንኳኳም ብሎ ለራሱ ምሎ ከሶፋው ተነሳ። ሻይ አፈላ። ብርጭቆውን ይዞ ወደ መኝታ ቤቱ ሄደ። ኳ ኳ፣ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ።» እጁ ነው እንጂ እሱስ አላሰበውም። ከውስጥ ያ የሻሽ መንኮሻኮሽ ተሰማ። እጁን ሊነክሰው ምንም አልቀረው።

ሻዩን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ወደ ጓሮ ሄደ። ሲመለስ ካቻቢቴ ይዟል። በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ማጠፊያው ሥር ተንበረከከ። ብሎኖቹ ዝገዋል፣ በላያቸውም ቀለም ተደራርቦባቸዋል፤ አንዱ እያቃሰተ ይወጣል፣ ሌላው አልወጣም ብሎ ሙጭጭ ይላል። ሚስቱ ከአልጋዋ ቀና ብላ ስታየው ቆየች።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«በሩን እየነቀልኩ።»

«ለምን?»

«አታንኳኳ ብለው እጄ አልሰማ አለኝ። በር ከሌለ ምኑን ያንኳኳል?»

የመጨረሻው ብሎን ሲወጣ በሩ ሙሉ ክብደቱን ትከሻው ላይ ጣለበት። የድሮው ጫኝና አውራጅ ተሸክሞ ሳሎን ወሰደውና ግድግዳ አስደገፈው። ተመልሶ ከመቃኑ ውጭ ቆመ፤ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ ተናገረ።

«አስጠልተሽኝ አታውቂም። ያን ቀን ስትጮሂ ያስደነገጥኩሽ መሰለኝ፤ ሌላ ነገር የለም። ናፍቀሽኛል። እዚሁ ቤት ተቀምጠሽ ናፍቀሽኛል።»

በትዳራቸው ዘመን ይህን ያህል በአንድ ትንፋሽ ተናግሮ አያውቅም። መልስም አልጠበቀም፤ ላብ በላብ ሆኖ ወደ ጓሮ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ታላቅ እህቷ ሾርባዋን ይዛ መጣች። ሳሎን የተገተረውን በር አየች፣ ባዶውን መቃን አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ምን ጉድ ነው? ተጣልታችሁ ሰበራችሁት?»

«ነቅሎት ነው እትዬ» አለች ሚስቱ ከውስጥ። «እጁ አላርፍ ብሎት።»

ከዚያ ሳቅ ተሰማ። መጀመሪያ የታላቅየዋ ነው፤ ቀጥሎ ሌላኛው፣ ቀጭኑ፣ ሲጨርስ የሚያስነጥስ የሚመስለው። ታቃፊው ጓሮ ሆኖ የያዘውን ካቻቢቴ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ያንን ሳቅ ከሰማ ቆይቷል።

ሻሹ ግን አልወለቀም። ማታ እራት ሲያቀርብላትም እስከ ቅንድቧ እንደወረደ ነበር፤ ሲመጣ ከሩቅ ስላየችውም ቀድማ ወደ ግድግዳው ዞራለች። በሩን በከንቱ ነቀልኩት ብሎ ከፋው። ሳህኑን አስቀምጦ ሊወጣ ሲል ዓይኑ ወንበሩ ላይ አረፈ። ሰማያዊው ጃኬት ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ጫጩቷ ራቁቷን ትራሱ ላይ ቆማ መንቁሯን ወደ ክንፏ እየላከች አዲሶቹን ላባዎች ታበጥራለች።

ሰኞ ልቡ እንደተንጠለጠለ ዋለ። የጫጩቶቹ ራስ ላባ መልበስ ጀምሯል፤ አንገታቸው ላይ የመርፌው ልባስ እየተፈታ ሲረግፍ ነጩ ፎረፎር ቤቱን ይሞላዋል። አምፖሉን አጠፋላቸው። ሾፌሩ በመስኮት አጮልቆ «ምነው ታቃፊው፣ እንቁላሉ ቀዘቀዘብህ እንዴ?» አለው። ሌላ ቀን ቢሆን አንድ ነገር ይመልስለት ነበር፤ ያን ቀን ግን አልሰማውም።

ቤት ሲደርስ ፀጥ ብሏል። ነጩን ፎረፎር እንደለበሰ ሳሎኑን አቋረጠ። መኝታ ቤቱ ጋ ሲደርስ እጁ ያው እጁ ነውና ተነሳ። አንኳኳ። የሚያንኳኳው ነገር አልነበረም፤ ጣቶቹ ባዶ አየር ላይ ተመላለሱ። «እኔ ነ...» ብሎ አቋረጠ።

ሚስቱ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ወደ እሱ ነው። ጫጩቷ ጭኗ ላይ ናት። ሻሹ የለም። የሚመጣበትን ሰዓት ታውቀዋለች፤ ብርሃን ያለበትን ቦታ መርጣ እየጠበቀችው ነበር። ራሷ ላይ ጸጉር በቅሏል፤ አጭር፣ ስስ፣ እዚህ ወጥቶ እዚያ የዘገየ፣ ድሮ ጥቁር የነበረው አሁን አመድማ። እጆቿ ጫጩቷን እንደያዙ ናቸው፣ ወደ ራሷ አልሄዱም።

«ግባ እንጂ» አለችው።

ገባ። ከፊቷ ተንበረከከ።  እጁን አነሳና በጣቱ ጫፍ ሳይሆን በእጁ ጀርባ፣ ሳያስጨንቅ፣ ከግንባሯ ወደ ኋላ ዳበስ አደረጋት።

«ያስጠላል አይደል?» አለች። «እውነቱን ንገረኝ።»

«እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄንን ዕድሜ ነው» አለ።

ስለ ጫጩቶቹ ይህንኑ ሲል ስንት ዓመት ሰምታዋለች፤ ሌላ ማስረጃ አልፈለገችም። እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ፣ አልጠረገችውም። ጫጩቷን በአንድ እጇ ደገፍ አድርጋ ሌላውን ወደ ጸጉሩ ዘረጋች።

«ጎንበስ በል፣ አንተ ወፍጮ ቤት» አለችው።

ተንበርክኮም ቢሆን ጎንበስ አለላት።